በቤታችን ፌዝ የለም

ቤት ጠያቂው የመጣው እማዋይሽ ልብስ ስታሰጣ ነው። መጣ ይባላል እንጂ እግር የለውም፤ በቀበሌው ስም ቤት የሚመዘግብ ማሽን ነው። በረንዳው ጣሪያ ሥር ካለችው ድምፅ ማጉያ "ጤና ይስጥልኝ፣ የቤቱን እማወራ ማነጋገር እፈልጋለሁ" ሲል ነው መምጣቱ የሚታወቀው። ኮምቦልቻ ውስጥ እሱ የማያውቀው ቤት አልነበረም። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ ከድርሻው በላይ የሚበላ ምድጃ፣ ሁሉንም ጠይቆ ያውቃል። ሰው አይልክም፣ ዓይንም የለውም። የሚያምነው የአባወራውን ወይም የእማወራዋን ቃል ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የተሰጠ ቃል ደግሞ በቃል አይሻርም።

እማዋይሽ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ወደ በረንዳው ወጣች። ይህን ቀን ስትጠብቀው ሰንብታለች፤ ስትፈራውም። አንድያ ልጇ ኅሊና ተዘዋዋሪ አዋላጅ ሆና ተመድባለች። ለተዘዋዋሪ አዋላጅ መኪና ይሰጣታል፤ መኪናው የሚያድረው ደግሞ አዋላጇ በምታድርበት ነው። መኪናው ሌሊቱን በመብራት ሲሞላ ስለሚያድር፣ የቤቱ መብራት ይህን ከቻለ ኅሊና እቤቷ ትኖራለች። ካልቻለ ማደሪያ ትገባለች።

ማደሪያዎቹ ከከተማው ውጭ፣ ሜዳው ላይ በረድፍ ቆመዋል። ድሮ ከብት ከታች፣ ሰው ከቆጥ ላይ ያድር እንደነበረው፣ ከታች መኪኖች ከላይ ሰዎች ይተኛሉ። መኪና የማያሳድር ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ሥራ ባገኘ ማግስት ወደዚያ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ እየመጣ ይጠይቃል። ከዚያ በበዓል በበዓል ብቻ ይሆናል። የእማዋይሽ ሰፈር በዓል በሚጠብቁ እናቶች የተሞላ ነው። ቤት የሚከራይ ሰው እንኳ ስለ ውሃውና ስለ ጎረቤቱ መጠየቅ ከተወ ቆይቷል። "መኪና ያሳድራል?" ነው የሚለው፤ አያሳድርም ካሉት ውስጡን ሳያይ ይመለሳል።

ቤት ጠያቂው ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ጣሪያው ከምን እንደተሠራ፣ ቤቱ ምን ያህል እንዳረጀ ጠየቃት። ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ እያንዳንዱን አስባ መለሰች። ከዚያ እንዲህ አላት፦

"በቤትዎ ስንት ፌዝ አለ?"

እማዋይሽ ክው አለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብላ አልጠበቀችም። ቆም ብላ ስታስበው ግን ልክ ሆኖ ታያት። የምጥ መኪና ለማንም አይሰጥም። በሰው ሲሳለቅ ከሚውል ቤተሰብ የወጣች ልጅ ምጥ ላይ ባለች ሴት ብታሾፍስ? አስቀድሞ መጠየቁ ደግ ነው። ቀና ብላ ለድምፅ ማጉያዋ መለሰች።

"በቤታችን ፌዝ የለም።"

"ፌዝ የለም። ትክክል ነው?"

"ትክክል ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለም አልነበረም።"

"ተመዝግቧል። አመሰግናለሁ።"

ወደ ልብሷ ተመለሰች። ስለ ቤቷ እንዲህ አፏን ሞልታ ተናግራ አታውቅም ነበርና ደስ አላት።

መጀመሪያ ዝም ያለው ፍሪጁ ነው። በከተማው ያለ ዕቃ ሁሉ በፈረቃ ነው የሚሠራው፤ ምድጃው ተራው ሲደርስ "ደርሶኛል" ይላል፣ ካውያው ይጠብቃል፣ የልብስ ማጠቢያው ከጎረቤት ማጠቢያ ጋር ተራ ይለዋወጣል። ሁለት ትልልቅ ዕቃዎች ባንዴ የሚሠሩበት ቤት እማዋይሽ አይታ አታውቅም። ፍሪጁ ግን ከፈረቃ ውጭ ነበር፤ ጠፍቶ አያውቅም። አሁን በትህትና "ለዚህ ቤት ፈረቃ የለም" አለና ጠፋ። ቀጥሎ ምድጃው ይህንኑ አለ። ቀጥሎ የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ማሞቂያ። ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ ነበራቸው፤ ተራ በተራ የሚሰናበቱ እንግዶች ይመስሉ ነበር።

ኅሊና ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ውሳኔው ቀድሟት ጆሮዋ ገብቷል። የቤቱ እማወራ፣ ቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር እንደሌለው በራሳቸው ቃል አረጋግጠዋል፤ አዋላጅ ኅሊና ሰኞ ማደሪያ ትገባለች የሚል ነበር። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም።

"ሆን ብለሽ ነው?" አለች።

እማዋይሽ ምን እንደተባለች አልገባትም። የተጠየቀችውን እንደመለሰች፣ ስለ መብራት ያነሳባት እንደሌለ፣ አንዲት ቃል እንዳልዋሸች ነገረቻት። ይኸ ነገሩን አባሰው። ኅሊና ይህን ሥራ እንድትተው እናቷ ከአንድም ሁለት ጊዜ ለምናታለች። ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ ጭጋግ ይለብሳል፣ ምጥ ሰዓት አይመርጥም፣ ተቀምጠሽ የምትሠሪው ነገር ፈልጊ ብላታለች። ኅሊና ይህን ሁሉ አልረሳችም።

"ስለ መብራት ካልጠየቀሽ ስለ ምንድን ነው የጠየቀሽ?"

"ስለ ፀባያችን።"

ኅሊና እናቷን ትክ ብላ አየቻት። "እማ፣ ታፌዢብኛለሽ?"

ጠዋት በኩራት የሰጠችው ምስክርነት፣ ቀኑ ሳይመሽ በገዛ ልጇ አፍ ሐሰት ሆነ። ኅሊና ልብሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ እስከ ሰኞ ጓደኛዋ ዘንድ እንደምትቆይ ተናግራ ወጣች። በሩን በቀስታ ነበር የዘጋችው። በኃይል ብትዘጋው ይሻል ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና እማዋይሽ ትምህርት ሄደች። እቤት ተቀምጣ ዝም ያሉትን ዕቃዎች ከማየት ይሻላል። ዕቃው ሁሉ መናገር በጀመረባቸው ዓመታት የተወለዱ ልጆች ፊደል ሳይቆጥሩ ነው ያደጉት፤ የሚያስፈልግም አልመሰለም። እማዋይሽ ከእነሱ አንዷ ናት። መማር የጀመረችው ኅሊና የአዋላጅነት ትምህርት ገብታ፣ መጽሐፍ ላይ አጎንብሳ ስትውል፣ እዚያ ውስጥ ምን እንደምታይ ለማወቅ ጓጉታ ነው። አሁን ቀስ ብላ ታነባለች። ስትጽፍ ግን ቃላቱን ሁሉ አንድ ላይ ታያይዛቸዋለች፤ ጆሮዋ እንደሰማው።

መምህር ይመር ለዚህ መድኃኒት ነበራቸው። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማንም የማይጠቀምበትን ሁለት ነጥብ ከድሮ ጽሑፍ አምጥተው፣ በቃልና በቃል መካከል ካላስቀመጣችሁ አላርምም ይላሉ። ባዶ ቦታ አይታይም፣ ነጥብ ግን ይታያል ይላሉ። በዚያን ቀን እያንዳንዱ ሰው እቤቱ ያለ ወይም የነበረ ነገር ስም ሰሌዳው ላይ እንዲጽፍ አዘዙ። የእማዋይሽ ጎረቤት ዘሃራ "የጎን አልጋ" ብላ ጻፈች፤ ነጥቦቹንም አሳምራ አስቀመጠች። እማዋይሽ ተነሳች። ሌሊቱን ስለ መብራት ስታስብ ነው ያደረችው፤ በተለይ ስለ ድሮው። አማቷ እግቢው ውስጥ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ያን ጊዜ መብራት ሞልቶ ነበር። የወፍጮውን መብራት ስም ጻፈች።

ስሪፌዝ።

"እትዬ እማዋይሽ፣ ይኸ አንድ ቃል ነው ሁለት?" አሉ መምህሩ።

"አንድ ነው። ስሪፌዝ። ወፍጮ የሚያዞረው መብራት ነው።"

"እስቲ ይመልከቱት።"

ተመለከተችው። የልጆች ገመድ ዝላይ ትዝ አላት፤ ዋን፣ ቱ፣ ስሪ እያሉ ሲዘሉ። ጠመኔውን አነሳችና ሁለቱን ነጥቦች መሐል ላይ አስቀመጠች።

ስሪ፡ፌዝ።

ከሰሌዳው ፊት አልተንቀሳቀሰችም። ጠመኔው በእጇ ላይ እንዳለ ሦስት ማለት ነው አለች፤ ለራሷ። ሦስት ፌዝ ማለት ነው። ከዚያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠችና የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

ዘሃራ ሻርፗ ከራሷ እስኪወርድ ሳቀች። "አንቺ ቤት ፌዝ የለም? እኔን ዕድሜ ልኬን ስታሾፊብኝ የኖርሽው ታዲያ ከየት ተበድረሽ ነው? ምነው እኔን በጠየቀኝ! ቤቱ ሙሉ ነው ብዬው ከተማውን ባበራሁት።" ከዚያ የጎረቤቷን ፊት አየችና እጇን ያዘቻት። "አብሽሪ። ይኸ የሚስተካከል ነገር ነው።"

መምህር ይመር አልሳቁም። በቃል የተሰጠ በቃል አይሻርም፣ እውነት ነው አሉ። በጽሑፍ ግን ይሻራል። ደንቡ እንዲህ ነው የሚለው፤ የሚጽፍ ሰው ስለሌለ ማንም አያስታውሰውም እንጂ። ወረቀት ሊሰጧት ሲሉ እማዋይሽ መጀመሪያ በዓይኔ ልየው አለች። ያላየችውን አንድ ጊዜ መስክራለች፤ ሁለተኛ አትመሰክርም።

ከዘሃራ ጋር ወደ ወፍጮ ቤቱ ገቡ። ወፍጮው ተነቅሎ ከተሸጠ ዘመን አልፎታል። ክፍሉ ባዶ ነው፤ ግድግዳው ላይ አምስት ቀዳዳ ያለው ትልቅ ቀይ ሶኬት ቀርቷል። የብሬከሩ ሳጥን ከበሩ ጀርባ ነው። እማዋይሽ ክዳኑን ከፈተች፤ ከክዳኑ አልፋ ግን እጇን አልሰደደችም። ትንንሾቹ ብሬከሮች በረድፍ ተደርድረዋል። ከላያቸው ከሁሉም የሚተልቅ አንድ አለ፤ ሦስት ምላሶቹ በአንድ ዘንግ ተያይዘዋል። አንዱን ቢያወርዱት ሦስቱም አብረው ይወርዳሉ። ስታየው የኖረችው ነገር ነው፤ ቆጥራው ግን አታውቅም። አሁን ጣቷን ከሩቅ እየቀሰረች ቆጠረች። ዘሃራም ቆጠረች። ሦስት ነው።

ብዙ ወረቀት ተበላሸ። በመጨረሻ የጻፈችው ይህ ነበር፦

በቤታችን ፡ ሦስት ፡ የመብራት ፡ ፌዝ ፡ አለ ። የሰው ፡ ፌዝ ፡ ግን ፡ የለም ። እማዋይሽ ።

ቀበሌው በር ላይ ያለችው የወረቀት መቀበያ አቧራ ለብሳ ነበር። እማዋይሽ አቧራውን በመዳፏ ጠርጋ ወረቀቱን ሰደደችው። ከዚያ ሳጥኗ፣ ሥራዋን ለማስታወስ የምትሞክር ትመስል፣ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አለችና ዋጠችው።

መልሱ እሑድ ጠዋት መጣ። ፈረቃው ይመለሳል፤ ቤቱም ይፈተናል። ሰኞ ረፋድ ላይ፣ እቤቱ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ባንዴ ይከፈታል፤ ከዚያ ላይ የመኪናው ጭነት ይጨመራል። ብሬከሩ ከወረደ አበቃ። ፈተናው አይደገምም። መኪናው በስሟ ስለሆነ አዋላጅ ኅሊናም ትገኛለች።

ኅሊና የመጣችው ከነቦርሳዋ ነው፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ማደሪያው ለመሄድ። እናቷን በግንባሯ ሰላም አለችና ግቢው ጥግ ላይ ቆመች። ዘሃራ በርጩማ ይዛ መጥታ በረንዳው ሥር ተቀምጣለች። ከአጥሩ ውጭ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበዋል፤ ዕቃ ሁሉ ባንዴ የሚከፈትበት ቤት ማየት የሚፈልገው ብዙ ነው። ለፈተናው እንደ መኪና መብራት የሚበላው ግራጫ ሳጥን እየተንከባለለ በበሩ ገባና ቆመ።

ቤት ጠያቂው ደንቡ ስለሆነ መጀመሪያ የተሰጠውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበ። "በቤታችን ሦስት የመብራት ፌዝ አለ። የሰው ፌዝ ግን የለም። እማዋይሽ።" ነጥቦቹ ላይ ሁሉ ቆም ይል ነበር።

ኅሊና ጭንቅላቷን አነሳች። ዓርብ ዕለት እናቷ የነገረቻትን በልቧ እየደገመችው መሆኑ ከፊቷ ይታይ ነበር። ከዚያ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደችና መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"ስንት ፌዝ አለ ነው ያለሽ?" አለች ቀስ ብላ።

"አዎ።"

"አንቺም የለም አልሽው።"

"ታዲያ ምን ልበለው? ትንሽ አለ ልበለው?"

ኅሊና ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እማዋይሽ የምታለቅስ መስሏት ስትጠጋ እየሳቀች ነው፣ ዓይኗ ግን እርጥብ ነው።

ቤት ጠያቂው ቻርጅ ማድረጊያው የት እንደሚተከል ጠየቀ። ኅሊና ከውጩ በር አጠገብ እንዲሆን ነበር የምትፈልገው፤ ስትጠራ ቶሎ ለመውጣት። እማዋይሽ ወፍጮ ቤት ነው የሚሆነው አለች። የበሩ አምፖል የሚበራው ከሳሎን በተጎተተ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ሟቹ ባለቤቷ ነው የጎተተው፣ ያኔም ለአምፖሏ ብቻ ይሞቅ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ሶኬት ግን ከትልቁ ብሬከር በወፍራም ሽቦ ቀጥታ ነው የሚመጣው፤ ድንጋይ ያዞረ ነው። ኅሊና አልተከራከረችም። ግራጫው ሳጥን ወደ ቀይዋ ሶኬት ተንከባለለ።

ከዚያ እናትና ልጅ ቤቱን መክፈት ጀመሩ። ምድጃውን፣ ውሃ ማሞቂያውን፣ ካውያውን፣ የልብስ ማጠቢያውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ በየክፍሉ ያለውን አምፖል ሁሉ፣ በቀን ብርሃን። ዕቃዎቹ እርስ በርስ ተደናገሩ። "ተራዬ ነው?" አለ ምድጃው። "ተራዬ ነው?" አለ ማጠቢያው። ማንም አልመለሰላቸውም። ቤቱ ማጉረምረም ጀመረ፤ ሙቀቱ በመስኮት ወደ ግቢው ወጣ። ከአጥሩ ውጭ ያሉት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ የማይታይ ነገር እንዳዩ ሁሉ። "ሠርግ እንኳ እንዲህ አይበራም" አለች ዘሃራ።

"የመኪናው ጭነት ይጨመራል" አለ ቤት ጠያቂው።

አምፖሎቹ ትንሽ ደፈዘዙ። ኅሊና የእናቷን ክንድ ያዘች። እማዋይሽ ግን አምፖሎቹን አላየችም፤ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥ ነበር። ሙሽራ ሆና እዚህ ግቢ ከገባች ጀምሮ ወፍጮውን በጆሮዋ ታውቀዋለች። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል እንደ ታመመ ሰው ያቃስት ነበር፤ አማቷ ሮጠው ያጠፉታል። አሁን የሚያቃስት ነገር ፈለገች። የለም። ከወፍጮ ቤቱ የሚመጣው ድምፅ ወፍራምና ልሙጥ ነው፤ እንደ ጥሩ ዱቄት።

"ይችላል" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

ቤት ጠያቂው ይህን ያለው እሷ ካለች ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ብሬከሩ አልወረደም። ቤቱ መኪና ያሳድራል። ከአጥሩ ውጭ እልልታ ተሰማ፤ ዘሃራ በርጩማዋን ረስታ ተነሳች።

"አንድ ጥያቄ ቀርቷል" አለ ቤት ጠያቂው። "መኪናው ከዚህ ቤት ሌሊትም ሊጠራ ይችላል። በእያንዳንዱ ጥሪ የቤቱ እማወራ ፈቃድ ይጠየቃል። እማወራዋ ካልፈቀዱ መኪናው አይንቀሳቀስም። ይስማማሉ?"

ኅሊና የእናቷን ክንድ ለቀቀች። ፊቷንም ወደ አጥሩ መለሰች፣ በዓይኗ እንኳ እንዳትጫናት።

እማዋይሽ ራሷን ታውቃለች። ክረምት ይመጣል። ጭጋጉ ከተራራው ይወርዳል። ይህ ድምፅ ከእንቅልፏ ቀስቅሶ "ይፈቅዳሉ?" ይላታል፤ እሷም መንገዱን፣ ጠመዝማዛውን፣ ገደሉን ታያለች። አንድ ቀን አይሆንም ትላለች። አንድ ቀን ብቻ ይበቃል። ማዶ ላይ ደግሞ የምትጠብቅ ሴት አለች፤ እሷም የሰው ልጅ ናት።

"አልስማማም" አለች።

ኅሊና ዞረች።

"ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት እማወራ እኔ አይደለሁም። እሷ ናት። እሷን ጠይቃት።"

"እማወራዋ ኅሊና ናት። ትክክል ነው?"

"እማ፣ ቆይ እንጂ" አለች ኅሊና። "ይኸ እኮ አይመለስም።"

"አውቃለሁ። ትክክል ነው።"

"ተመዝግቧል" አለ ቤት ጠያቂው። "እማወራ ኅሊና፣ ይፈቅዳሉ?"

ኅሊና እናቷን እያየች "እፈቅዳለሁ" አለች። ግራጫው ሳጥን ከሶኬቱ ተላቀቀ። ቤት ውስጥ ያሉት ዕቃዎች አንድ በአንድ ወደየተራቸው ተመለሱ።

ድምፅ ማጉያዋ ግን አልተዘጋችም። "ወይዘሮ እማዋይሽ፣ እርስዎ በዚህ ቤት ምን ተብለው ይመዝገቡ?"

"እናቷ ነኝ።"

"እናት የሚል ድርሻ የለኝም። ጥገኛ ወይስ እንግዳ?"

ኅሊና ለመናገር ስትል ዘሃራ ቀደመቻት፤ ይኸ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብላ ድምፅ ማጉያዋን መስደብ ጀመረች። እማዋይሽ በእጇ አስቆመቻት። ጥያቄውን እንደሌሎቹ ሁሉ አሰበችበት፤ አሁን ግን አልቸኮለችም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የዚህ ቤት ወለል ላይ ያልተንበረከከችበት ቦታ አልነበረም።

"እንግዳ በለኝ" አለች። "እንግዳ ከሆንኩማ የዛሬውን ሳህን የምታጥበው እሷ ናት።"

ከዚያም የዘሃራን በርጩማ ወደ ጥላው ሳበችና፣ የገዛ ቤቷ በረንዳ ሥር፣ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።